ዲላ ላይ ቤት ከመግዛት በፊት

«አንተ እዚያው አይደለህ እንዴ የምትማረው? አንድ ደህና ቤት ፈልግልኝ።» አጎቴ ከአዲስ አበባ ደውለው ይህን ሲሉኝ «እሺ ጋሼ፣ ችግር የለም» አልኳቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የጨነቀኝ። ሦስት ዓመት ዲላ ኖሬ የማውቀው ግቢያችንን፣ መናኸሪያውንና ወደ ሞያሌ የሚያልፈውን አስፋልት ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ብዙዎቻችን እንደዚሁ ነን ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። አጎቴ ደግሞ ሊያወጡ ያሰቡት ዕድሜ ልካቸውን አስተምረው ያጠራቀሙትን ገንዘብ ነው። ባለቤታቸው የጌዴኦ ተወላጅ ስለሆኑ ጡረታቸውን እዚህ ሊያሳልፉ አስበዋል።

ደላላው መጀመሪያ የወሰደኝ ወደ ከተማው ዳር ነው። «ዲላ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አንዷ መቀመጫ ናት፤ ዛሬ ካልገዛችሁ ነገ አትደርሱበትም» አለኝ። ዋጋው በእርግጥ ርካሽ ነው። ግቢው ውስጥ ግን እንሰቱና ቡናው እንደቆመ ነው። «ካርታውስ?» ስለው ሦስት ምስክሮች የፈረሙበት የመንደር ውል አወጣ። ጎረቤት ያሉ እናት ለብቻዬ ጠርተው «ልጄ፣ ሳትከፍሉ በፊት ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ» አሉኝ። ስጠይቅ ቦታው የገበሬ ማሳ እንጂ የመኖሪያ ቤት ቦታ አይደለም ተባልኩ።

እንደሚታወቀው በሀገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ፣ በሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 40 እንደተደነገገው፣ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ የጨረቃ ቤት የገዛ ሰው የገዛው እንጨቱን፣ ጭቃውንና ቆርቆሮውን ነው። አፍርስ ሲባል ካሳ ልጠይቅ ቢል በምን ሰነድ?

ሌላም ተጎጂ አለ። ጌዴኦ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት፣ የቤተሰብ ማሳ ጠባብ የሆነበት ዞን ነው። ገበሬው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናና እንሰት አንድ ላይ ያለማል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ይህ የአመራረት ዘዴ ከዋና ዋና ምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ማሳውን የሸጠ ገበሬ ብሩ ሲያልቅ ቆጮውን ከገበያ ሊገዛ ነው። እንሰት ደግሞ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። እኛ «ርካሽ ቤት አገኘን» የምንለው በእሱ ኪሣራ ነው።

በእኔ አስተያየት ቤት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ከተማዋን በእግሩ ይዙራት። በበጋ ብቻ ሳይሆን ዝናብ ሲጥል ቀዩ አፈር ላይ ቁልቁለቱን ወርዶ ይሞክረው። የቧንቧ ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ደላላውን ሳይሆን ጀሪካን ይዘው የሚጠብቁትን ይጠይቅ። አስፋልት ዳር ከሆነ የከባድ መኪናውን ድምፅ በሌሊት ይስማ። ዋጋውን ቡና በሚለቀምበት ወራትም፣ ገንዘብ በሚጠፋበት ክረምትም ያነጻጽር። ከዚያ በኋላ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ያጣራ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ በስልክ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና «በል እንግዲያው የኪራይ ቤት ፈልግልኝ፤ አንድ ዓመት ኖሬ እገዛለሁ» አሉኝ። ትክክል ይመስለኛል። እኛም ተመርቀን ከመሄዳችን በፊት ከአስፋልቱ ወረድ ብለን የኖርንባትን ከተማ ብናውቃት መልካም ነው እላለሁ።