ሜዳ የሌለው ረፍት

ባለፈው ሳምንት ልጄን ከትምህርት ቤት ሳመጣት «ዛሬ በረፍት ሰዓት ምን ተጫወታችሁ?» ብዬ ጠየቅኳት። «መሮጥ ክልክል ነው፤ ተቀምጠን መክሰሳችንን በላን» አለችኝ።

ነገሩ አልገረመኝም። እንደ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ይኼኛውም ለመኖሪያ የተሠራ ቪላ ነው። ግቢው ሲሚንቶ፣ ግማሹ የመኪና ማቆሚያ። ልጅ ወድቆ ጥርሱ ቢሰበር ወላጅ ይጮኻል፤ ስለዚህ መምህራኑ «አትሩጡ!» ማለት ይቀላቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንከር ያለ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በሰርቪስ ሄዶ በሰርቪስ የሚመለስ፣ ማታ የቤት ሥራ የሚጠብቀው ልጅ ይህን ከየት ያመጣዋል? እኛ ሰኞ ማክሰኞውንም፣ የጨርቅ ኳሱንም ሰፈር ውስጥ እንጫወት ነበር። አሁን ሰፈሩም መኪና ሆኗል። የቀረችው ያቺው የረፍት ሰዓት ናት።

ጥፋቱ የኛም ነው። ስናስመዘግብ ስለ እንግሊዝኛው፣ ስለ ክፍያው ጠየቅን እንጂ «ሜዳችሁ የታለ?» ያልን ስንቶቻችን ነን? እኔ አልጠየቅኩም።

ሜዳ በአንድ ቀን አይሠራም። መኪኖቹን ከግቢ ማስወጣት፣ ክፍሎቹን በተራ ለረፍት መልቀቅ፣ መሬቱ ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ማስመር ግን ብዙ ብር አይጠይቅም። ያጠፋን ልጅ ረፍት መከልከልም ይቅር። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ፣ ቢዘገይም፣ እጄን አውጥቼ ያንን ጥያቄ እጠይቃለሁ።