«የእኛ ይሠራል»

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ ራውተር ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ «ለጌታ ሥራ ነው» የሚለውን ቃል ምን ያህል መሸፈኛ እንዳደረግነው ያሳየን እርሱ ስለ ሆነ፣ ጥፋታችንን ሳንደብቅ ልንነግራችሁ ወደድን።

በምሥራቅ አሜሪካ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ዶርም አንድ ክፍል የምንጋራ፣ በጌታ ወንድማማቾች የሆንን ሁለት ተማሪዎች ነን። አዲስ አበባ ያሉ ቤተሰቦቻችን ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ለጸሎት ሲሰበሰቡ፣ እዚህ በብርዱ ወራት ገና ዓርብ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። በቪዲዮ አብረናቸው እንጸልያለን። የዶርሙ ዋይፋይ ግን በዚያ ሰዓት ይንቀራፈፋል፤ የእናቶቻችን ድምፅ ይቆራረጣል። ስለዚህ የቤት ራውተር ገዝተን ግድግዳው ላይ ካለው የኬብል መሰኪያ ጋር ልናገናኘው ተነሣን። ዶርም ስንገባ የፈረምነው ደንብ የግል ራውተር ያለ ፈቃድ መሰካትን ይከለክላል። ይህንንም እናውቅ ነበር። «ለጸሎት እኮ ነው» ተባባልን።

መጀመሪያ አልሠራም። የግቢው ኔትወርክ የሚያስገባው የተመዘገበ መሣሪያን ብቻ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ማክ አድራሻ የሚባል የራሱ መለያ አለው፤ የራውተራችን መለያ ደግሞ አልተመዘገበም። ያኔ ወደ አይቲ ቢሮ ሄደን መጠየቅ ይገባን ነበር። እኛ ግን ኬብሉን ነቅለን ሌላ ቀዳዳ ሞከርን። የቤት ራውተር አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት የሚገባበት አንድ የተለየ መሰኪያ አለው፤ የቀሩት፣ ብዙ ጊዜ አራት የሚሆኑት፣ ለቤት ውስጥ ኮምፒውተሮች ናቸው። የግድግዳውን ኬብል ከእነዚህ በአንዱ፣ ላፕቶፓችንን ደግሞ በሌላው ሰካን። ላፕቶፑ ሠራ! የዚያ ምሽት ጸሎት ሳይቆራረጥ ሄደ። ስለ መስመሩ ጥራት እንኳ ጌታን አመሰገንን።

ያላወቅነው ነገር ነበር። በራውተር ውስጥ ዲኤችሲፒ የሚባል አገልግሎት አለ፤ ሥራው ለሚገናኙት መሣሪያዎች የኔትወርክ አድራሻ ማደል ነው። በዶርም ግን አድራሻ ማደል የግቢው ሰርቨር ሥራ ነው። ኬብሉን በተሳሳተው ቀዳዳ ስንሰካ፣ የእኛ ሳጥን ለጎረቤቶቻችን ኮምፒውተሮችም አድራሻ ማደል ጀመረ። በእኛ ፎቅ ኬብሉም ዋይፋዩም አንድ መስመር ላይ ነበሩ። መሣሪያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የደረሰውን መልስ ይቀበላል። የእኛን የተቀበለ ሁሉ መገናኘቱን ያያል፤ መውጫ ግን የለውም። መንገዱ ወደ እኛ ሳጥን ያመራል፤ የሳጥናችን የኢንተርኔት መግቢያ ደግሞ ባዶ ነበር። የእኛ ላፕቶፕ ከግቢው ቀድሞ የተሰጠውን አድራሻ እንደ ያዘ ስለ ነበር ችግሩ አልነካውም።

ሳምንቱ የፋይናል ፈተና ሳምንት ነበር። በጸሎቱ መካከል አንድ ጎረቤታችን በራችንን አንኳኳ። «ኢንተርኔት አላችሁ?» አለን። «አዎ፣ የእኛ ይሠራል» ብለነው በሩን ዘግተን ወደ ጸሎታችን ተመለስን። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ መላክ የነበረበት የማጠቃለያ ጽሑፍ ነበረው። ኢንተርኔቱ ይመለሳል ብሎ ሲጠብቅ ቆይቶ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሮጠ፤ ሲደርስ ሰዓቱ አልፎ ነበር። ይህን የሰማነው በማግሥቱ ነው።

በማግሥቱ የአይቲ ሠራተኞች ችግሩ ከየትኛው መሰኪያ እንደ መጣ አግኝተው የክፍላችንን መስመር ዘጉት። ጎረቤታችን ግን ምክንያቱ እኛ መሆናችንን አያውቅም። እንንገረው ወይስ ዝም እንበል? ከሁለታችን አንዱ «ክርስቲያኖች መሆናችንን ያውቃል፤ ብንነግረው ምስክርነታችን ይበላሻል» አለ። ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ሁለታችንም አፈርን። ምስክርነታችን የተበላሸው ማታ ነው፤ አሁን የቀረን መደበቅ ወይም መናዘዝ ብቻ ነበር።

ሄደን ነገርነው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «ሳታውቁ ያደረጋችሁት ይገባኛል። ግን ማታ ስጠይቃችሁ ‹ግባና በእኛ ላክ› ብትሉኝ ምን ነበረበት?» አለን። መልስ አልነበረንም። ስለ ዲኤችሲፒ አለማወቃችን እውነት ነው። በራችን ላይ የቆመ ሰው መቸገሩን ግን አይተናል። ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ለመምህሩ ጻፍን። መምህሩ ጽሑፉን ቢቀበልም ነጥብ ቀነሰ፤ ያንን ልንመልስለት አልቻልንም።

ወገኖች፣ የምንለው ይህ ነው፦ መንፈሳዊ ዓላማ ያልተፈቀደውን መንገድ አይቀድሰውም። በ1ኛ ሳሙኤል 15 ንጉሥ ሳኦል እንዲያጠፋ ከታዘዘው መንጋ የተሻለውን አስቀረ፤ ሲጠየቅም ለመሥዋዕት ነው አለ። ሳሙኤል ግን እግዚአብሔር ከመሥዋዕቱ ይልቅ መታዘዙን እንደሚፈልግ ነገረው። ያልተገዛ ፕሮግራም በቤተ ክርስቲያን ኮምፒውተር ላይ ስንጭን፣ የአምልኮ ቀን መኪናችንን በሰው በር ላይ ስናቆም «ለአገልግሎት ነው» የምንለው ከዚሁ የተለየ አይደለም።

«ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ አይገባምን?» የሚል ይኖራል። በሐዋርያት ሥራ 5 ሐዋርያት የተከለከሉት በኢየሱስ ስም ማስተማርን ነው። እኛን ግን ጸልዩ እንጂ አትጸልዩ ያለን የለም። በስልካችን ዳታ መጸለይ፣ ቪዲዮውን ዘግተን በድምፅ ብቻ መግባት እንችል ነበር። ደንቡም ያለ ምክንያት አልወጣም፤ የፎቁን ሰው ሁሉ ከእንደ እኛ ዓይነቱ ስሕተት ለመጠበቅ ነው።

በማቴዎስ 5 ጌታ ኢየሱስ፣ መባውን ሊያቀርብ የመጣ ሰው ወንድሙ በእርሱ ላይ ቅሬታ እንዳለው ቢያስታውስ፣ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አስተምሯል። ለእኛ ጌታ ማስታወሻ ሰጥቶን ነበር፤ በር ተንኳኳ። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ተረት በጸሎት ክፍላችን ውስጥ ሲሠራ ግን አላየነውም።

በዶርም የምትኖሩ ታናናሾቻችን ሆይ፣ ራውተር ከመሰካታችሁ በፊት የአይቲ ቢሮውን ጠይቁ። ከተፈቀደላችሁ ማክ አድራሻውን አስመዝግቡ፤ የግድግዳውን ኬብል በኢንተርኔት መግቢያው ብቻ ሰኩ፤ የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ቀይሩ። ካልተፈቀደ ደግሞ የተመዘገበውን የላፕቶፓችሁን መለያ ለራውተሩ ሰጥታችሁ ለማለፍ አትሞክሩ፤ ይህ በሌላ ስም መግባት ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋባችሁም ሌላውን ከመውቀሳችሁ በፊት «እኔ ምን ሰካሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለነፍሳችንም የሚሆን ጥያቄ ነው።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ደግሞ፣ በእኛ ዓይነቱ አማኝ በር ተዘግቶባችሁ ከሆነ ይቅርታ እንጠይቃችኋለን። በሩን የዘጋነው እኛ እንጂ ኢየሱስ አይደለም። እርሱ የሚመጣውን ወደ ውጭ አያወጣም።

ራውተሩን ወደ ሱቅ መልሰነዋል። ዓርብ ማታ ዛሬም እንጸልያለን፤ ድምፁ ይቆራረጣል። በር ሲንኳኳ ግን ጸሎቱን አቋርጠን እንከፍታለን።

ጸጋ ይብዛላችሁ።