ከዘጠነኛ ክፍል ደጃፍ፦ የወለጋ የእንግሊዝኛ መምህራን ሥልጠና የጎደለው ምንድን ነው?

በኦሮሚያ ክልል ስምንት ዓመት ሙሉ በአፋን ኦሮሞ ሲማር የቆየ ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ባዮሎጂው፣ ፊዚክሱ፣ ጂኦግራፊውና ታሪኩ በአንድ ክረምት ልዩነት ወደ እንግሊዝኛ ይለወጡበታል። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ከተሞች፣ ከዚያም አልፎ በየወረዳው በሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መስከረም በመጣ ቁጥር ይኸው ይደገማል። በሰኔ የክፍሉን ደረጃ የያዘ ተማሪ በጥቅምት ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ አንብቦ ለመረዳት ሲቸገር ይታያል። ልጁ በጥቂት ወራት ውስጥ አልደነዘዘም፤ የተለወጠው ቋንቋው ብቻ ነው።

ለዚህ ሽግግር ተማሪውን የሚያዘጋጀው ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት የሚያስተምረው መምህር ነው። ስለዚህ የዚህ መምህር ሥልጠና የአንድ የትምህርት ክፍል ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። የሒሳቡም የኬሚስትሪውም ውጤት በእርሱ ትከሻ ላይ ያርፋል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በዚህ ዓይን ሊነበብ ይገባል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የውጤቱን ማሽቆልቆል ለቋንቋ ብቻ መስጠት ስሕተት ይሆናል፤ የኩረጃው በር መዘጋቱ፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ የተቋረጡ የትምህርት ዓመታትም ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ ጥያቄው የተጻፈበትን ቋንቋ ያልተረዳ ተፈታኝ የሚያውቀውን ነገር እንኳ ማሳየት አይችልም።

ነቀምቴ በቋንቋ ትምህርት ረገድ ባዕድ ከተማ አይደለችም። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ያዘጋጁት የአፋን ኦሮሞ ማንበቢያ እ.ኤ.አ. በ1894፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉማቸው ደግሞ በ1899 ታትሟል። ሁለቱም በኋላ ወደ ወለጋ መጥተው አስተምረዋል፤ ኦኔሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1931 ያረፉትም በነቀምቴ ነው። በዚህች ከተማ አንድ ሕፃን ንባብን በየትኛው ቋንቋና በየትኛው ፊደል ይጀምር የሚለው ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

የዛሬው ሥርዓት መሠረት የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲቀርብ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። በወረቀት ላይ ሚዛኑን የጠበቀ ሐሳብ ነበር። ችግሩ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ይሰጥ ሲባል በየገጠሩ የሚያስተምረው ማን እንደሆነ በበቂ አለመጠየቁ ነው። በታችኛው እርከን ሁሉንም ትምህርት የሚሰጠው አንድ መምህር ነው፤ ሒሳቡንም፣ አካባቢ ሳይንሱንም፣ መዝሙሩንም፣ እንግሊዝኛውንም። ይህ መምህር እንግሊዝኛን ሊያስተምር የሚመጣው ቋንቋውን መርጦ ስለሠለጠነ አይደለም፤ ክፍሉ የእርሱ ስለሆነ ነው።

ወደ ሙያው የሚያስገቡት መንገዶች በወለጋ አይጠፉም። የነቀምቴ፣ የሻምቡና የደምቢ ዶሎ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራንን ያዘጋጃሉ። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ ዋና ግቢው እንዲሁም በጊምቢና በሻምቡ ግቢዎቹ ያስተምራል፤ ከእርሱ በኋላ የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል። ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት በትምህርት ዓይነት ዲግሪ የያዘ ምሩቅ የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ እንዲወስድ የሚያደርግ ሥርዓትም በ2000ዎቹ ተዘርግቶ ብዙዎች አልፈውበታል። ብዙ ነባር መምህራን ይህን ያጠናቀቁት በክረምት መርሐ ግብር፣ ከእረፍታቸው እየቀነሱ ነው። በዚህ ላይ የሙያ ፈቃድ ምዘና ተጨምሯል። አንድ መምህር እጅ ላይ የሚገኘው የምስክር ወረቀት ብዛት ከቀድሞው ትውልድ ጋር አይወዳደርም። ጥያቄው ወረቀቱ ምን ይመሰክራል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ በሥልጠናው ውስጥ እምብዛም ቦታ ያላገኘ፣ ነገር ግን ለወለጋ ክፍሎች ከሁሉ የቀረበ ጉዳይ አለ። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጻፈው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። ይህ ለእንግሊዝኛ ትምህርት መልካም አጋጣሚ ይመስላል፤ በከፊልም ነው። ልጁ ሃያ ስድስቱን የላቲን ፊደላት አስቀድሞ ያውቃቸዋል፤ በፊደል ገበታ እንደ ጀመረው የአማርኛ ተናጋሪ እንደገና መጻፍ መማር አይጠበቅበትም። ነገር ግን ፊደላቱ አንድ ሆነው ድምፃቸው ይለያያል። «ሲ» የምትባለው ፊደል በቁቤ «ጭ» ናት፤ «ኤክስ» ደግሞ «ጥ»። ስለዚህ ቁቤን ጠንቅቆ የሚያነብ የሁለተኛ ክፍል ልጅ በእንግሊዝኛ መጽሐፉ ላይ የድመትን ስም ሲያይ «ካት» ሳይሆን «ጨት»፣ ስድስትን «ሲክስ» ሳይሆን «ሲጥ»፣ ታክሲንም «ተጢ» ብሎ ቢያነብ ሊደንቅ አይገባም። ልጁ ትክክል ነው፤ የተማረውን ሕግ በታማኝነት ተከትሏል። ይህን ያልተገነዘበ መምህር ግን ልጁን «አያነብም» ብሎ ይፈርድበታል።

ከፊደሉ ባሻገርም ነገሩ ይቀጥላል። በቁቤ የተጻፈ ፊደል ሁሉ ይነበባል፤ በእንግሊዝኛ ግን ቢላዋን በሚያመለክተው ቃል መጀመሪያ ላይ «ኬ» ተጽፋ ሳትነበብ ትቀራለች። በአፋን ኦሮሞ ቃል በሁለት ተከታታይ ተነባቢዎች ስለማይጀምር «ስኩል» የሚለው «ኢስኩል» ይሆናል። ግሱ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ መቀመጡም፣ እንደ አማርኛው ሁሉ፣ ተማሪው እንግሊዝኛውን ገልብጦ እንዲሠራው ያደርገዋል። በአንጻሩ የሚያግዝም አለ። አፋን ኦሮሞ የአናባቢን ርዝመት ይለያል፤ «ለገ» ወንዝ ሲሆን «ላጋ» ላንቃ ነው። እንግሊዝኛ በመርከብና በበግ ስሞች መካከል የሚያደርገውን የአጭርና የረጅም አናባቢ ልዩነት የወለጋ ልጅ ጆሮው አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል። ከውጭ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ማንኛውም ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ መምህርነት ሰርተፍኬት ይህን አያስተምርም፤ ሊያስተምርም አይችልም። የነቀምቴና የሻምቡ ኮሌጆች ግን ይችላሉ። መምህራኑ ራሳቸው አሁን በአብዛኛው የቁቤ ትውልድ ናቸው፤ ስሕተቱንም እርማቱንም በራሳቸው አንደበት ያውቁታል። እውቀቱ በመጽሐፍ ተቀምጦ የሥልጠናው አካል አለመሆኑ የሚያስቆጭ ነው።

ከማዕከል የመጡ መፍትሔዎች ታሪክ ይህን ያጠናክራል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት፣ ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የሰየመው፣ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁ ትምህርቶችን በእንግሊዝኛ ያቀርብ ነበር። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ክፍሉ መለሰም አልመለሰም ወደሚቀጥለው ያልፋል። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር ማብሪያና ማጥፊያ ጠባቂ ሆኖ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል። በዚያው አሥርት ዓመት ትምህርት ሚኒስቴር ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ መርሐ ግብርን አስጀምሮ ጥቂቶች ሠልጥነው ብዙዎችን እንዲያሠለጥኑ ተደረገ፤ በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎችም የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ማዕከላት ተቋቋሙ። ይህ ከፕላዝማው የተሻለ ሐሳብ ነበር፤ ቢያንስ መምህሩን ሰው አድርጎ ቈጥሮታል። ሆኖም ሥልጠናው ከእጅ ወደ እጅ ሲወርድ እየሳሳ ሄደ። የወረዳው መምህር ዘንድ ሲደርስ ከቋንቋው ልምምድ ይልቅ ስለ ቋንቋው የሚሰጥ ማብራሪያ ሆኖ የቀረበት አጋጣሚ ጥቂት አልነበረም።

ለሚኒስቴሩ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናትም እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባል። ካትሊን ሂዩ፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ያዘጋጁት ይህ ጥናት ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት ማምጣታቸውን አሳይቷል። ለመምህራን የተሰጠው የእንግሊዝኛ ሥልጠናም የታሰበውን ያህል ለውጥ አላመጣም ብሏል። የጥናቱ መልእክት ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይጠቀሳል። አንዳንዱ ወላጅ ልጁ በእንግሊዝኛ የደከመው በአፋን ኦሮሞ ስለተማረ ነው ብሎ ያምናል፤ በየከተማው «ኢንግሊሽ ሚዲየም» የሚል ሰሌዳ የሰቀሉ የግል ትምህርት ቤቶች የሚያድጉትም በዚህ እምነት ነው። ማስረጃው የሚያመለክተው ተቃራኒውን ነው። በራሱ ቋንቋ አጥርቶ ማንበብ የቻለ ልጅ ሁለተኛውን ቋንቋ ይይዛል። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ የተካሄደው የታችኛው እርከን የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ባሳየበት አገር፣ የእንግሊዝኛው ድካም ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ በፊት የሚጀምር ነው። ስለዚህ ጥሩ የእንግሊዝኛ መምህር ለማፍራት የአፋን ኦሮሞውን የንባብ መምህርም አብሮ ማሠልጠን ያስፈልጋል።

ሥልጠናው የሚፈተነው በተግባር ልምምዱ ነው። ዕጩ መምህሩ ከኮሌጅ ወጥቶ በአንድ ትምህርት ቤት ለሳምንታት ሲያስተምር ነባሩ መምህር ክፍሉን አስረክቦት ወደ ቢሮ ወይም ወደ ግል ጉዳዩ የሚሄድ ከሆነ፣ ልምምዱ የሰው ኃይል ማሟያ ይሆናል። ስድሳና ሰባ ተማሪ በሞላበት ክፍል ንግግር ማለማመድ እንዴት ይቻላል የሚለውን ከመድረክ ትምህርት ማግኘት አይቻልም። ይህን የሚያውቀው ዓመታት በእንዲህ ያለ ክፍል የቆመ፣ ጥንድ ጥንድ አድርጎ የሚያነጋግር፣ የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ ለእንግሊዝኛ ክበብ የሚጠቀም መምህር ነው። እንዲህ ያሉት በየከተማው አሉ። አሠልጣኝ ተብለው የሚጠሩት ግን እነርሱ አይደሉም፤ ለሚሰጡት ጊዜም ክፍያ አያገኙም።

ባለፉት ዓመታት በአራቱም የወለጋ ዞኖች የነበረው የጸጥታ ችግር ይህን ሁሉ አባብሶታል። የተዘጉ ትምህርት ቤቶች፣ ከወረዳ ወደ ከተማ የሸሹ መምህራን፣ የተቋረጠ መንገድና ስልክ የክረምት ሥልጠናን ለብዙዎች የማይደረስበት አድርገውታል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሚኒስቴሩ በተለይ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን በክረምት በዩኒቨርሲቲዎች እየሰበሰበ ማሠልጠኑ ተገቢ እርምጃ ነው። ነገር ግን ወደ ነቀምቴ ለመድረስ መንገዱን የሚፈራ መምህርና ከተማው ውስጥ የሚኖር መምህር ለአንድ ሥልጠና እኩል ዕድል የላቸውም። ከሠልጣኞች ዝርዝር የሚቀረው መምህር አብዛኛውን ጊዜ ተማሪዎቹ ከሁሉ የባሰ የተጎዱበት ነው።

የሚቀረው የምዘናው ጉዳይ ነው። የሙያ ፈቃድ ፈተና በዋናነት በጽሑፍ የሚሰጥ ነው። የእንግሊዝኛ መምህር ከአራት ምርጫዎች ትክክለኛውን ሰዋስው መለየቱ ይለካል፤ ለሰባት ዓመት ልጅ በቀላል እንግሊዝኛ ተረት መተረክ መቻሉ ግን አይለካም። «ጨት» ብሎ ላነበበው ልጅ የሚሰጠው መልስም እንዲሁ በፈተናው ወረቀት ላይ ቦታ የለውም። ኮሌጆች የሚያስተምሩት ፈተናው የሚጠይቀውን ስለሆነ ማሻሻያው ከዚህ ቢጀምር ውጤቱ በቶሎ ይታያል። የቃል ምዘናና በክፍል ውስጥ የሚደረግ ምልከታ ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋል። በአንድ ዞን በሚገኙ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ለመጀመር ግን አዲስ ተቋም ማቋቋም አያስፈልግም፤ ኮሌጁ፣ ዩኒቨርሲቲውና የዞኑ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚገኙት በአንድ ከተማ፣ በነቀምቴ ነው።