መቀሱ በማን እጅ ነው?



ባለፈው ቅዳሜ ሸዋ በር አጠገብ ሻይ ስንጠጣ ከመካከላችን አንዱ «ኃይሌ ገሪማ ሆሊውድ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይኸን ጊዜ መቶ ፊልም በሠራ ነበር፤ እልኸኛ ስለ ሆነ ቀረበት» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ወደ መኝታ ቤቴ ስመለስ ግን ነገሩ ከነከነኝ፤ መልሴንም በዚህ ጋዜጣ ለመስጠት ተነሣሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቀድሞው ሆሊውድ ለታዘዘለት ሰው ለጋስ እንደ ነበረ አልክድም። ጆን ፎርድ ከመቶ በላይ ፊልም ሠርቶ በዲሬክተርነቱ 4 ጊዜ ኦስካር ተሸልሟል፤ ሥራውንም የሚንቅ የለም። ነገር ግን እስቲ ኦርሰን ዌልስን እንመልከት። በ1941 «ሲትዝን ኬን»ን እንደ ልቡ ሠራ። በ1942 ግን አር.ኬ.ኦ. የተባለው ኩባንያ ሁለተኛውን ፊልሙን፥ እርሱ ብራዚል ሳለ፥ ከ40 ደቂቃ በላይ ቆርጦ መጨረሻውንም ለውጦ ለሕዝብ አቀረበው። ካሜራው የዌልስ ነበር፤ መቀሱ ግን የኩባንያው።

ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ተወልዶ፥ ፊልም የተማረው በሎስ አንጀለስ፥ በሆሊውድ ደጃፍ ላይ ነው። ገና ተማሪ ሳለ፥ በ1974፥ አገሩ ተመልሶ የጭሰኛውን ኑሮ የሚያሳየውን «ምርት 3000 ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ አነሣ። በ1993 ስለ ባርነት የሚናገረውን «ሳንኮፋ»ን ሲጨርስ የአሜሪካን አከፋፋዮች አንቀበልም ቢሉት፥ ከባለቤቱ ከሺሪክያና አይና ጋር ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ አሳየው፤ ሕዝቡም ተሰልፎ አየለት። «ጤዛ»ን እስኪያወጣ ደግሞ 15 ዓመት አለፈ። ያ ፊልም በ2008 በቬኒስ፥ በ2009 በዋጋዱጉ ተሸለመ።

አልተጎዳም አልልም፤ 15 ዓመት ከሰው ዕድሜ ላይ ቀላል አይደለም። ነገር ግን መቀሱን ከእጁ አላወጣም። በ2021 የኦስካር አካዳሚ ሙዚየሙን ሎስ አንጀለስ ላይ ሲከፍት ኃይሌን ከሸለማቸው ሰዎች አንዱ አደረገው። እርሱ ወደ ሆሊውድ ሳይሄድ ሆሊውድ ወደ እርሱ መጣ ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በዚያ የሻይ ጠረጴዛ ዙሪያ ከነበርነው ስድስት ሰዎች «ምርት 3000 ዓመት»ን ያየ አንድም አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ። ኩባንያው ከዌልስ ፊልም የቆረጠው ከፊሉን ነው፤ እኛ ግን ሳናይ ስንፈርድ ፊልሙን በሙሉ ቆርጠን ጣልነው።

ስለዚህ ኅብረታችን ይህን ፊልም አስፈቅዶ አንድ ቅዳሜ ማታ በአዳራሻችን እንዲያሳይ አሳስባለሁ። ከዚያ በኋላ ክርክር ይሁን፤ መጀመሪያ የሚናገረውም ያ ጓደኛችን ይሁን። አይቶ ከተቃወመኝ ሻዩ በእኔ ነው።

አንድ የኅብረቱ አባል፤ ሐረር