ሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

በክፉ ቀን «ጸሎቱ ይቆየንና ወደ ሥራ እንግባ» የሚል አይጠፋም። ጸሎት የአቅመ ቢስ መሸሸጊያ ነው፣ ሻማም ለፎቶ የሚበራ ነው ይላሉ። አልስማማም። ላይፕዚግን አስታውሳለሁ።

በዚያች የምሥራቅ ጀርመን ከተማ፣ በቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን፣ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 1975 ዓ.ም. ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ስለ ሰላም ይጸለይ ነበር። አንዳንዴ የሚመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ቢሆንም አልተቋረጠም። በሩም ለማያምነው ጭምር ክፍት ነበር። ከታሪኩ ሁሉ ልቤን የሚነካው ይኸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ሰው ሳያያቸው ሰባት ዓመት ጸለዩ።

መስከረም 29 ቀን 1982 ዓ.ም. ሰኞ ዋለ። ከሁለት ቀን በፊት ፖሊስ አገዛዙን የሚቃወመውን ሰልፈኛ ደብድቦ ነበር፤ ቤጂንግ ላይ የሰልፈኞች ደም ከፈሰሰ ገና አራት ወሩ ነበር። ሆስፒታሎች አልጋና ደም አዘጋጁ። ገዢው ፓርቲ አባላቱን አስቀድሞ ልኮ የቤተ ክርስቲያኑን ወንበር አስያዘ፤ እነሱም ተቀምጠው ወንጌሉን ሰሙ። ከጸሎቱ በኋላ 70,000 ያህል ሰው አደባባይ ወጣ፤ ብዙዎቹ ሻማ ይዘው።

የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ክርስቲያን ፉረር ኋላ እንዳስረዱት፣ ሻማ ሁለት እጅ ይፈልጋል። በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ይዞ ደጅ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንዱ እጅ ይይዛል፣ ሌላው ከነፋስ ይከልላል፣ ሰሙም ጣት ላይ ይንጠባጠባል። ድንጋይ የሚያነሳ እጅ አይተርፍም። በዚያች ምሽት አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ወር ሲሞላ፣ ጥቅምት 30፣ የበርሊን ግንብ ተከፈተ።

ግንቡን ሻማ ብቻውን ጣለው አልልም። ኢኮኖሚው ተዳክሞ ነበር፤ ወጣቱም በሃንጋሪ በኩል እየጎረፈ ነበር፤ ሞስኮም ታንክ ለመላክ ፈቃደኛ አልነበረችም። ያ ሁሉ ሕዝብ ግን ቁጣውን ይዞ ሳይገድልና ሳይገደል ወደ ቤቱ መግባቱን ያለዚያ የሰባት ዓመት ጸሎት ማሰብ ይቸግረኛል።

እኛ ምሕላ ሲታወጅ እንሰበሰባለን፤ ቀኑ ሲያልቅ እንበተናለን። የምመኘው በየአጥቢያው ቀንና ሰዓቱ የታወቀ የሠርክ ጸሎት ነው፤ ልጁ በግጭት የሞተበት ሰው፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆን፣ ገብቶ የልጁን ስም የሚያስጠራበት። አንድ ካህንና ጥቂት ምእመናን ከተስማሙ በመጪው ሰኞ ይጀመራል።