«መለዋወጫው የለም»

«መለዋወጫው የለም» የምትለው ቃል ስንት ካሜራ ገደለች! በፎቶ ቤት ጥግ አቧራ የጠጣው ባለ ወናፍ ካሜራ ለቡና ቤት ማስጌጫ ሲሸጥ እያየን ዝም ብለናል። ይህ ጸሐፊ ግን ዝም አይልም።

እስቲ የጠፋው ዕቃ የትኛው ነው? ስፒድ ግራፊክ የተባለው የአሜሪካ ካሜራ ምርቱ የቆመው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፋብሪካውን መጠበቅ በእርግጥ ከንቱ ነው። ግን ወናፉ ምንድን ነው? ብርሃን የማያሳልፍ ስስ ቆዳ ወይም ጨርቅ፣ ካርቶንና ሙጫ። ብራና ፍቀን መጽሐፍ ስንደጉስ የኖርን ሰዎች ይህ ያቅተናል? ምስሉ የሚታይበት ፍዝ መስታወትስ? 4 በ5 ኢንች የተቆረጠ የመስኮት መስታወት በውኃና በደቃቅ የመሞረጃ ዱቄት ቢታሽ ይሆናል። የሌንሱን መያዣ ጣውላ አናጢ ይቆርጠዋል፤ ብረታ ብረቱን ምናለሽ ተራ ይወልደዋል።

«መዝጊያውስ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ረቂቅ ነው፤ የሰዓት ሠሪ እጅ ይሻል። እስኪጠገን ግን እንደ ቀደሙት የሌንሱን ክዳን በእጅ ከፍቶ መዝጋት ይቻላል። ፍዙ መስታወትም ከፊልሙ ልክ ጥቂት ፈቀቅ ካለ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ መለካት እንጂ መተው መፍትሔ አይሆንም።

ባለ ፎቶ ቤቶች ሆይ፣ ካሜራውን ለጌጥ ከመሸጣችሁ በፊት ወናፉን ለአንድ ቆዳ ሠሪ አሳዩ። አሠራሩን የሚያውቁ አዛውንቶች ዛሬ አሉ፤ ነገ ግን የምንጠይቀው ሰው እናጣለን።