ትኬቱን ማን ይሽጥልን?
ለዓይነ ስውራን መርጃ ተብሎ በብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ቶምቦላ ሲወጣ ሳላቅማማ እገዛለሁ፤ ቅር የሚለኝ ግን ሻጮቹ ሁሌም ዓይናማ መሆናቸው ነው። የስፔን ዓይነ ስውራን ማኅበር፣ ኦንሴ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ሲቋቋም ዕጣ መሸጥን ለራሳቸው ለአባላቱ እንጀራ አደረገው። ጎንደር ፒያሳ ላይ አንድ ዓይነ ስውር ወጣት ብሩን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ መልስ ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ይህ ልጅ ትኬት መሸጥ ያቅተዋል? ገቢው ደግሞ ወደ ደጋው ይውጣ። በዳባትና በደባርቅ በኩል ትራኮማ ሽፋሽፍታቸውን ወደ ውስጥ ያጠፈባቸው እናቶች፣ ብሌናቸውን የሚፍቀውን ፀጉር በወረንጦ እየነቀሉ ይኖራሉ። አጭር የዓይን ቆብ ቀዶ ጥገና የቀረ ብርሃናቸውን ያተርፍላቸዋል። አዘጋጆች ሆይ፣ ለሚቀጥለው ዙር ሐኪሞችን ወደ ደጋው ቀበሌዎች ላኩ፤ የፒያሳውንም ልጅ ጥሩት፣ ኮሚሽኑንም ክፈሉት።